በእናታችሁ ስልክ ውስጥ ያለው ስም

የስልክ ማስታወቂያ ማገጃ አንዴ ሞልተው የሚረሱት ነገር አይደለም። ሶዶ ውስጥ ስልክ የሚነካካ ሰው ሁሉ ግን ተቃራኒውን ይነግራችኋል፦ «ሴቲንግ ግባ፤ የግል ዲኤንኤስ የሚለው ጋ ይቺን ስም ጻፍ፤ ከዚያ እርሳው። ማስታወቂያ አታይም፣ ዳታህ በከንቱ አያልቅም፣ ሚስጥርህም አይታወቅም።» ከተስፋዎቹ የመጀመሪያው ከሞላ ጎደል እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ እውነት፤ ሦስተኛው ውሸት። ከሁሉም የከፋው ግን መሃል ላይ እንደ ዋዛ ጣል የተደረገው ቃል ነው፦ እርሳው።

ይህን የምጽፈው ከሥራው ከወጣሁ በኋላ ነው። ሱቄን ዘግቼ ቁልፉን ለአከራዩ መልሻለሁ፤ አሁን እዚያ የሙሽራ ልብስ ይከራያል። ሰው ጡረታ ወጣ ይለኛል። ጡረታ እንኳ ደብተር ያለው ሰው ነገር ነው። እኔ የወጣሁት ዓይኔ ስለደከመ፣ ስልክ የሚሠሩት ፋብሪካዎችም ዕቃቸውን በብሎን ማሰር ትተው በሙጫ ማጣበቅ ስለጀመሩ ነው። በሙጫ የተጣበቀ ዕቃ «ጣለኝና ሌላ ግዛ» የሚል ዕቃ ነው፤ ከእንዲህ ያለ ዕቃ ጋር የምነጋገረው አጣሁ። ዕድሜዬ ግን ገና ለመቀመጥ አልደረሰም፤ መቀመጥም አልቻልኩበትም። ጠዋት ተነሥቼ ወደ ሱቁ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው መዘጋቱ ትዝ የሚለኝ። ተመልሼ መጽሐፍ እገልጣለሁ። ድሮ አንድ ወፍራም መጽሐፍ በደንበኛና በደንበኛ መካከል እጨርስ ነበር፤ አሁን ቀኑ ሁሉ የእኔ ሆኖ ሁለት ገጽ ሳልዘልቅ እነሣለሁ። 

እረፍት የነሳኝ የሥራ ናፍቆት አይደለም። አንድ ስም ነው። በብዙ ሰው ስልክ ውስጥ በገዛ ጣቴ የጻፍኩት፣ ዛሬ የሞተ፣ ስልኮቹን ግን ይዟቸው የቀረ ስም።

ሥራ የጀመርኩት ሶዶ ገበያ አጠገብ፣ ሬዲዮ ከሚጠግኑት ከጋሽ ዳልኬ ዘንድ ነው። ጋሽ ዳልኬ የተበላሸ ሬዲዮ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ሬዲዮውን አይነኩትም፤ ባለቤቱን ነው የሚመረምሩት።

«መጨረሻ የነካው ማን ነው?»

«ማንም አልነካውም ጋሼ። ብቻውን ዝም አለ።»

«ሬዲዮ ብቻውን አያኮርፍም። ማን ነው?»

እንዲህ እየተባባሉ ትንሽ ይቆዩና ሰውዬው በመጨረሻ አማቹ ባትሪ እንደቀየረለት ያምናል። ጋሽ ዳልኬ ያኔ ብቻ ይከፍቱታል፤ የሚከፍቱትም በቀጥታ የባትሪው ቤት ዘንድ ነው። «ብልሽት ከሰማይ አይወርድም» ይሉኝ ነበር፤ «የመጨረሻውን እጅ ፈልግ፣ እዚያው ታገኘዋለህ።» የፈቱትን ብሎን ሁሉ አንድ የቆርቆሮ ሳህን ላይ ከወጣበት ማዕዘን ልክ ይደረድሩታል፤ ከላይ የወጣው ከላይ፣ ከግራ የወጣው ከግራ። ሲገጥሙ ሳህኑን እንጂ ሬዲዮውን አያዩም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የመጨረሻዋ ብሎን ነበረች። እሷን አያስሩም። መፍቻውን ለባለቤቱ ይሰጡታል። ከጉኑኖ በእግሩ የመጣ ገበሬ በዚያ ዶማ በለመደ እጁ ያቺን ታናሽ ብሎን ሲያሳድድ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ጋሽ ዳልኬ አይቸኩሉም። «የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የምትዘጋው ግን አንተ ነህ። ነገ እኔ ባልኖር መክፈት ታውቃለህ።»

ለደንበኛ ማባበያ የሚያደርጉት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ሁሉም መክፈት ከቻለ ማን ወደ እኛ ይመጣል?»

«ከፍቶ ያበላሸው ይመጣል። እሱ ይበቃናል።»

ሬዲዮ እየቀረ ሲሄድ ጋሽ ዳልኬ መፍቻቸውን ጠቅልለው ወደ ትውልድ ቦታቸው ወደ ገሱባ ተመለሱ፤ ቡናና እንሰት ይዘው ተቀመጡ። እኔ በማታው ክፍል ኮምፒውተር ተምሬ ጉኑኖ የወረዳ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ስለ ደመወዙ የሚነገር ነገር የለም፤ ስለ አለቃዬ ግን አለ። ንጹሕ ልብስ የሚወድ፣ ስብሰባ የሚወድ፣ ከሁሉ በላይ ግን የሠራተኛውን ጊዜ የሚወድ ሰው ነበር፤ የራሱን ሳይሆን የሠራተኛውን። አንድ ሰኞ ጠራኝና «ሠራተኛው ፌስቡክ ላይ ተኝቷል። ዝጋልኝ» አለኝ።

ዲኤንኤስ የሚባለውን ነገር የተማርኩት ያኔ ነው። ነገሩ ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው። ጉኑኖ ውስጥ ሰው ቤት የሚፈልግ እንግዳ የቤት ቁጥር ይዞ አይመጣም። ስም ይዞ ይመጣል፤ መንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው ይጠይቃል፤ «በዚህ ታጠፍ፣ ከወፍጮው አልፈህ» ይባላል፤ ይሄዳል። ስልክና ኮምፒውተርም እንዲሁ ናቸው። እኛ ስም እንጽፋለን፤ መሣሪያው ግን ስም ይዞ መሄድ አይችልም፤ መንገድ ዳር የተቀመጠ ጠቋሚ ይጠይቃል። ያ ጠቋሚ ነው ዲኤንኤስ። ጠቋሚው ዝም ካለ ቤቱ ቢኖርም አይደረስበትም። እኔም የመሥሪያ ቤቱን ጠቋሚ ቀየርኩና የፌስቡክን ቤት ሲጠየቅ «አላውቅም» እንዲል አደረግሁት።

ረፋዱ ላይ ግቢው ተንጫጫ። «ኔትወርክ የለም» ተባለ። ፌስቡክ አልከፈት ያለው ሠራተኛ ሁሉ ኔትወርክ የለም ብሎ ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍኖ ወጣ። ሌላው ሁሉ ይሠራ ነበር፤ ማን ይሞክረው። ከሰዓት አለቃዬ ራሱ ጠራኝ።

«ኔትወርኩን ምን አደረግከው?»

«ፌስቡክ ዘጋሁ። እንዳሉኝ።»

«ለሠራተኛው ነው ያልኩህ።»

«የእርስዎም ኮምፒውተር የሚጠይቀው ያንኑ ጠቋሚ ነው።»

ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ለእኔ የሚያውቅ ጠቋሚ አምጣልኝ» አለ።

አመጣሁለት። ሳቄን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ቀን የቀረልኝ ግን ሳቁ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ የተማረ ሠራተኛ አንድም «ተዘግቷል ወይ?» ያለ አልነበረም። ሁሉም «የለም» ነው ያለው። እዚህ አገር የተዘጋና የሌለ ነገር መልካቸው አንድ ነው፤ ሰዉም በሁለቱም ፊት እኩል ይታገሣል። ይህን ያኔ እንደ ቀልድ ይዤው ዞርኩ፤ በየሰርጉ አወራሁት።

ከወረዳው ወጥቼ ሶዶ የስልክ ሱቅ ስከፍት የሰዉ ሕመም ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። «ስልኬ ቫይረስ ገብቶበታል» ይላል የመጣው ሁሉ። ቫይረስ አልነበረም፤ ማስታወቂያ ነው። የአየር ሁኔታ ልታይ ብትከፍት የውርርድ ጨዋታ ይዘላል፤ የመጽሐፍ ቅዱስ አፕ መሃል «ስልክህ አደጋ ላይ ነው፣ እዚህ ንካ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይፈነዳል፤ የነካ ሰው ሌላ ቆሻሻ ይዞ ይመለሳል። እኔም የጉኑኖን ዘዴ አስታወስኩ። የማስታወቂያዎቹን ቤት ሲጠየቁ «አላውቅም» የሚሉ ጠቋሚዎች አሉ፤ ነፃ ናቸው፤ ስማቸውን ሴቲንግ ውስጥ መጻፍ ብቻ ነው። ስልኩ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው እነሱን ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ነጋዴዎች ነበሩ፤ የነጋዴ ጥያቄ ደግሞ ሁልጊዜ ከማስታወቂያ ያለፈ ነው።

«የግል ነው አይደል የሚለው?» አለኝ አንዱ ጨርቅ ሻጭ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንግዲህ የት እንደምገባ ማንም አያውቅም?»

«የድሮው ጠቋሚህ አያውቅም። አዲሱ ያውቃል።»

«አዲሱ የት አገር ነው?»

«ባህር ማዶ።»

«እሱ ይወቅ። ከሚስቴ ጋር አይገናኝም።»

ስለ ግልነቱ ከሰው ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ አንዱንም አላሳመንኩም። መንገድ የምትጠይቀውን ሰው ብትቀይር የምትሄድበትን የሚያውቅልህ ሰው ተቀየረ እንጂ አልጠፋም። በጆሮው ሹክ ብለህ ስለጠየቅከው መንገደኛው ላይሰማ ይችላል፤ ጠቋሚው ግን ሰምቷል። ደግሞ ሁሉም ማስታወቂያ አይጠፋም። «ዩቲዩብ ላይ ለምን አልጠፋም?» ብሎ ያልተቆጣኝ ሰው የለም። የዩቲዩብ ማስታወቂያ የሚወጣው ቪዲዮው ከሚወጣበት ከዚያው ቤት ነው፤ ጠቋሚው እሱን ከደበቀ ቪዲዮውንም መደበቁ ነው። ይህንን ለአንድ መምህር ሳስረዳ «እንግዲያው ግማሽ ነው የምከፍለው» ብሎ ግማሽ ሰጥቶኝ ሄዷል።

እህት ታደለች የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ከገሱባ ናት፤ በቤተ ክርስቲያኗ ኳየር ትዘምራለች፤ ሁሉም እህት ታደለች ስለሚላት እኔም እንዲሁ አልኳት። ስልኳን በመሀረብ ጠቅልላ፣ የታመመ ጫጩት እንደያዘች ሴት በሁለት እጇ አቅፋ ነበር የገባችው።

«ኢሻ» አለችኝ፤ በወላይትኛ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ «ይሄ ስልክ ታሳፍረኛለች።»

«ምን አደረገች?»

«መዝሙር ልናጠና ከፈትን። መሃል ላይ ራቁቱን ሴት መጣ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው አጠገቤ ቁጭ ብሎ።»

«ሽማግሌው ምን አሉ?»

«መነጽሬን አምጡልኝ አለ።»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀችና መልሳ አፏን በመሀረቡ ሸፈነች። ስልኩን ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራው ልጇ ምህረት ናት የላከችላት። ለሁለት ነገር ብቻ ነው የምትይዘው፤ ለመዝሙርና ለምህረት። እሁድ እሁድ ምህረት በኢንተርኔት ትደውላለች፤ በሌላው ቀን ድምፅ ቀድታ ትልካለች። እህት ታደለች ማንበብ አትችልም፤ የምህረት ፎቶ ያለበትን ቦታ ግን ጣቷ ያውቀዋል። በቀጥታው የስልክ መስመር ከዚያ አገር መደወል የሀብታም ነገር ነው፤ ስለዚህ በእናትና በልጅ መካከል ያለው ድልድይ ያ ኢንተርኔት ብቻ ነበር።

ወረፋው ረጅም ነበር። ስልኩን ተቀብዬ ሴቲንግ ገብቼ ስሙን ጻፍኩና መለስኩላት። «አለቀ። እርሺው» አልኳት።

ገንዘብ አልተቀበልኳትም፤ መርቃኝ ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት የኳየሩ ሴቶች መጡ፤ ከዚያ ሌሎቹ። በመጨረሻ ሽማግሌውም መጡ፤ ያን ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው ነበር። ለእያንዳንዳቸው ያችኑ ስም በነፃ ጻፍኩ። ከዱቦና ከጉኑኖም ይመጡ ጀመር። ማን እንደመጣ የያዝኩት ነገር የለም፤ የነፃ ሥራ ማን ይመዘግባል።

እኔ ራሴ ግን በዚያ ስም ላይ አልቆየሁም። በተፈጥሮዬ አንድ ነገር ላይ አልረጋም፤ ሌላ ጠቋሚ አለ ስባል እሞክራለሁ፣ ከእሱ የተሻለ ሲመጣ ወደዚያ እሄዳለሁ። ሱቁን ስዘጋ የእኔ ስልክ የሚጠይቀው ከእነሱ የተለየ ጠቋሚ ነበር። ስለዚህ ያ የድሮው ሲሞት እኔ ዘንድ ምንም አልጎደለም።

ያንን አገልግሎት የሚያካሂዱት ባህር ማዶ ያሉ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ደከማቸው፤ ዘጉ። በራቸው ላይ በእንግሊዝኛ «ስላገለገልናችሁ ደስ ብሎናል፣ እባካችሁ ሴቲንጋችሁን ቀይሩ» የሚል ጽሑፍ ለጥፈዋል። ጽሑፉ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ሊያነቡት የሚገባቸው ሰዎች ደግሞ ኢንተርኔታቸው የተቋረጠባቸው ናቸው። አልፈርድባቸውም። እኔም ሱቄን ስዘጋ በሬ ላይ የለጠፍኩት ነገር የለም።

ስልክ ውስጥ ጠቋሚ በስም ከተጻፈለት ሌላ ሰው አይጠይቅም። ያ ጠቋሚ ከሌለ ዝም ብሎ ይቆማል። መደወል ይሠራል፤ የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ ነው፤ አጠገቡ ብቻ አንዲት ትንሽ ቃለ አጋኖ ትቆማለች፤ ካልነገሯችሁ አታዩዋትም። ሶዶ ውስጥ ያሉት ቶሎ ባነኑ፤ ወደ ሌሎች ሱቆች ወስደው ስልካቸውን አስጠርገው፣ ፎቷቸውን ሁሉ አጥተው ተመለሱ። ገጠር ያለው ግን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። ጉኑኖ ላይ አይቼዋለሁ፤ በየሰርጉ ስስቅበት ኖሬያለሁ። ይጠብቃል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጋሽ ዳልኬ ደወሉልኝ። እሳቸው ሲደውሉ ሰላምታ አያበዙም።

«አንድ ስልክ አጠገቤ አለ።»

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ምን እንደሆነማ እኔ ምን አውቃለሁ፤ የሬዲዮ ሰው ነኝ። መጨረሻ የነካው ማን ነው አልኳት። አንተ ነህ አለችኝ። ና።»

የገሱባ መንገድ በክረምት እንዴት እንደሚሆን ለሚያውቅ አይነገርም። ስደርስ እህት ታደለች በጋሽ ዳልኬ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፤ የኳየሩ ሰዎችም አሉ፤ ሽማግሌውም አሉ። የተቀቀለ ጎዳሬና ዳጣ ቀርቦ ማንም አልነካውም። ስልኩ በመሀረቡ ላይ ተቀምጧል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ።

«ክረምት ከገባ» አለች። «ዝናብ ነው ብለን።»

«ሌላ ሰው አልጠየቃችሁም?»

«ጠየቅን። ኳየሩን በሙሉ ጠየቅን። ሁሉም የለም አለ።»

የኳየሩ ሰዎች አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ የእያንዳንዳቸውን ስልክ አውቀዋለሁ።

«ከኳየሩ ውጭስ?»

«ወጣቶቹ አለ ይላሉ» አሉ ሽማግሌው። «ለወጣት መቼ ይጠፋል። ሶዶ ድረስም ሰው ልከናል፤ የቴሌ መሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ አለ አለን። መሥሪያ ቤት አለ ካለ የለም ማለት ነው ብለን ተመለስን።»

ስልኩን ከፍቼ ሴቲንግ ገባሁ። ስሙ እዚያው ተቀምጧል፤ እኔ እንደጻፍኩት፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል። አጠፋሁትና ኦቶማቲክ የሚለውን ነካሁ። ቃለ አጋኖዋ ጠፋች። ትንሽ ቆየና ስልኩ በመሀረቡ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳያቋርጥ። የክረምቱ መልእክት ሁሉ በአንድ ጊዜ እየገባ ነበር።

«ምህረት ነው» አለች እህት ታደለች፤ ጣቷም ሄደ።

በወላይትኛ ነው የምትናገረው፤ በረንዳው ሁሉ ሰማ።

«እማ፣ ውሌ ሊያልቅ ነው። ሴትዮዋ ቀጥዪ ትለኛለች። ልምጣ ወይስ ልጨምር? ከመጣሁ ለጊፋታ እደርሳለሁ። ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ።»

ጊፋታ መስከረም ላይ የምናከብረው የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ የሄደ ሁሉ የሚመለስበት ቀን።

ሁለተኛው አጭር ነው። «እማ፣ አልሰማሽኝም?»

በሦስተኛው ከኋላ ሳህን ሲታጠብ ይሰማል። «የቤታችን ጣሪያ ሳያልቅ ለምን መጣሽ እንዳትይኝ ብዬ ነው የጠየቅሁሽ። አትቆጪኝ።»

ከዚያ፦ «በቀጥታ ደወልኩልሽ። ሃሎ ስትዪ ሰማሁሽ፤ ከዚያ ተዘጋ። አንቺ ነሽ የዘጋሽው?»

እህት ታደለች ቀና አለች። «ተቆረጠ እኮ» አለች ለስልኩ። «ዝናብ ነበር።»

የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «እሺ እማ። ገባኝ። ፈርሜያለሁ፤ ሁለት ዓመት ነው። ለጊፋታ ሥጋ ግዙ።»

እህት ታደለች ወደ መጀመሪያው ተመልሳ «ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ» የሚለውን እንደገና አሰማች። ከዚያ እንደገና።

«እኔ በየቀኑ ነይ ስላት ነበር» አለች።

«በምን?» አልኩ፤ ባልጠይቀው ይሻል ነበር።

«በጸሎት። ስልኩ ስለማይሠራ በጌታ በኩል።»

ጋሽ ዳልኬ ዞር ብለው አዩኝ። ለረጅም ጊዜ ያልሰማሁትን ድምፅ ነው ያወጡት፤ የሱቃቸውን ድምፅ።

«የመጨረሻዋን ብሎን ማን አሰራት?»

«እኔ» አልኩ።



እህት ታደለች በዚያው ቀን ለልጇ ድምፅ ቀዳች። ስትቀዳ ከበረንዳው ወርደን ከእንሰቱ አጠገብ ቆምን። መልሱ ከመሄዴ በፊት መጣ። ምህረት አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ፓስፖርቷ ሴትዮዋ እጅ እንደሆነና ፊርማ ፊርማ እንደሆነ ነገረቻት። ጊፋታ ሳትመጣ አለፈ። ሥጋው ተገዛ።

ያን ዕለት ለመሄድ ስነሣ፣ «ሌላ ስም ልጻፍልሽ?» አልኳት። «የሚሠራ አለ። ያ ቆሻሻ እንዳይመለስብሽ።»

«እሱም ይሞታል?»

«አንድ ቀን።»

«ተወው። ያ ራቁት ሴት ይምጣ፤ ከእሱ ጋር እኔ እታገላለሁ። ልጄ ስትጠራኝ አቤት ልበል።»

ያን ጊዜ ነው ቁጭ ያልኩት። የሞተውን ስም ሆን ብዬ መልሼ ጻፍኩና ስልኩን ሰጠኋት። «አንቺ አጥፊው።» ፊደል ስለማትለይ ቦታውን በቅርጽ አስጠናኋት፤ ጥርስ ያለው ክብ፣ ከዚያ ይሄ፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ሁለተኛዋ ነጥብ። ተሳሳተች፤ ወጣች፤ ተመልሳ ገባች። የኳየሩ ሰዎች ወረፋ ይዘው ጠበቁ። ሽማግሌው በመጀመሪያ ሙከራቸው አገኙትና ለሁሉም እያሳዩ ዞሩ። ጋሽ ዳልኬ ጎዳሬያቸውን መብላት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ አልተቀመጥኩም። ጉኑኖ ሄጃለሁ፤ ዱቦ ሚኒባስ ተራው ላይ ቆሜ የማላውቃቸውን ሴቶች ስልክ ጠይቄያለሁ፤ ሌባ ተብዬ ልመታ ነበር። አንድ ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ የሰው ስልክ ስፈትሽ አንድ አዛውንት «ሟቹን ነው ወይስ ስልኩን ልታፅናና የመጣኸው?» አሉኝ። ከአጠገባቸው የተቀመጠችው የሟቹ እህት ስልክ ላይ ስሙ ነበረ። ደቡብ አፍሪካ ያለው የወንድሟ ልጅ መልእክት የሚልከው በእሷ ስልክ ነበር፤ ወንድሟ «ልጄ ለምን ዝም አለኝ?» እያለ እንደሞተ ነገረችኝ። ያንን ሰው እኔ አላከምኩትም፤ በምን እንደሞተ አላውቅም፤ ልጁ ዝም አለማለቱን ግን አሁን አውቃለሁ። 

ይህን ሰምተው «ማስታወቂያ ማገጃ ክፉ ነገር ነው፣ ሰው አይንካው» የሚሉኝ አሉ። ከእነሱም ጋር አልስማማም። በእኔ ስልክ ላይ ዛሬም አለ። ስልክን ለቆሻሻ ክፍት አድርጎ መተው ጽድቅ አይደለም። ሰው ራሱ የማያጠፋውን ነገር ግን ስልኩ ላይ መጻፍ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ መሄድ ነው፤ ቆላፊው ጥሩ ሰው ቢሆንም፣ በነፃ ቢሠራም፣ ቢመረቅበትም። ሱቅ ከፍታችሁ የምትሠሩ ልጆች አሁንም «ሞልተህ እርሳው» ስትሉ እሰማለሁ። ጠቋሚዎቹ እየተለዋወጡ ነው፤ ስሞቹም እየተጻፉ ነው። እኔ በእግሬ የማዳርሰው ነገር አይደለም።

ይህን ስልክ ላይ የምታነቡ ከሆነ የእናንተ ኢንተርኔት ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ ስለ እናንተ ስልክ አይደለም የማወራው። ገሱባ ወይም ጉኑኖ ወይም ዱቦ፣ «ኔትወርክ የለም» ብላ የተቀመጠች እናት ወይም አክስት አለቻችሁ። ሰሞኑን ድምፅ ልካችሁላት አልመለሰችም፤ እናንተም አኩርፋ ይሆናል ብላችኋል። ሂዱ። ስልኳን ተቀበሉ። ሴቲንግ ውስጥ ከላይ ባለው መፈለጊያ ላይ ዲኤንኤስ (DNS) ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ስም ተጽፎ ካገኛችሁ ኦቶማቲክ የሚለውን እንድትነካው አሳዩአት። እናንተ እንዳትነኩት፤ የእሷ ጣት ይሁን።

ነገ አትበሉ፤ ዛሬ ሂዱ።